በአናፖሊስ ከአስጎብኚ ጋር፦ የሜሪላንድን ታሪክ የሚተርክ የእግር ጉብኝት ግምገማ

ሜሪላንድ ውስጥ ለዓመታት ግብር ስከፍልና ድምፅ ስሰጥ ኖሬ፣ ዋና ከተማዋን አናፖሊስን የረገጥኩት ገና በቅርቡ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ትርቃለች፤ ሜትሮ አይደርስባትም። የሄድኩት የቅኝ ግዛት ዘመን ልብስ የለበሰ አስጎብኚ እየመራ የሁለት ሰዓት የእግር ጉብኝት በሚያካሂድ አንድ የግል ድርጅት በኩል ነው። የድርጅቱን ስም ትቼ፣ አገልግሎቱ ለገንዘቡ ይመጥን እንደሆነ ብቻ ልናገር። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአስጎብኚው ትልቁ ችሎታ ሜሪላንድ በጅምሯ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ እንደነበረች በሚገባ ማስረዳቱ ነው። ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በ1632 ግዛቷን የሚያስረክበውን ሰነድ፣ ቻርተሩን፣ የሰጠው ለሁለተኛው ሎርድ ባልቲሞር፣ ለሲሲሊየስ ካልቨርት ነው፤ ግዛቷም በንግሥት ሄንሪዬታ ማሪያ ስም ተሰየመች። ካልቨርት መሬት የማደል፣ ዳኛ የመሾምና ሰው ለጦርነት የማሰለፍ ሥልጣን ሲያገኝ፣ ለዘውዱ የሚገብረው በየዓመቱ የአገሬው ተወላጆች የሚጠቀሙባቸውን ሁለት ፍላጻዎችና ከሚወጣው ወርቅና ብር አንድ አምስተኛውን ብቻ ነበር። ሀብቱ የመጣው ግን ከወርቅ ሳይሆን ከትምባሆ ነው። ይህን ስሰማ ጉልት የሚለው ቃላችን ትዝ አለኝ፤ ልክ ባይገጥምም ነገሩን ለመረዳት ያግዛል።

ቻርተሩ ሕግ የሚወጣው በነፃ ሰዎች ምክርና ስምምነት ነው የሚል ሐረግም ነበረው፤ የኋላው ታሪክ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ሐረግ ላይ ነው። በ1634 አርክና ደቭ በተባሉ መርከቦች የመጡት ሰፋሪዎች ሴንት ሜሪስ ሲቲን ቆርቁረው በዓመቱ በጉባኤ ተሰበሰቡ። በ1638 ባለይዞታው ካልቨርት ከእንግሊዝ አርቅቆ የላከውን ሕግ ጉባኤው አልቀበልም አለው፤ እሱም በዚያው ዓመት ሰፋሪዎቹ ራሳቸው ሕግ እንዲያመነጩ መፍቀድ ግድ ሆነበት። በ1650 ጉባኤው በሁለት ምክር ቤቶች ተከፈለ። ዛሬ 47 ሴናተሮችና 141 ተወካዮች ያሉት፣ በየዓመቱ ከጃንዋሪ ጀምሮ ለ90 ቀናት የሚቀመጠው ሕግ አውጪ የዚያ ጉባኤ ወራሽ ነው። አስጎብኚው ይህን የተረከው በጠባቡ የጡብ መንገድ እያዘገመ፣ ያለ ወረቀትና ያለ ቀልድ ብዛት ስለሆነ፣ የከፈልኩት ገንዘብ በዚህ ክፍል ብቻ ተመልሶልኛል ማለት እችላለሁ።

ያላረካኝ የሃይማኖት ጉዳይ ነው። በ1649 የወጣውን የሃይማኖት መቻቻል ሕግ የነፃነት ፋና አድርጎ አሞገሰና ወደሚቀጥለው ሕንፃ አለፈ። ያ ሕግ ግን የጠበቀው በሥላሴ የሚያምኑ ክርስቲያኖችን ብቻ ነው፤ ሥላሴን የካደ በሞት ይቀጣል ይላል። ከ1689ኙ የፕሮቴስታንቶች አመፅ በኋላ ካቶሊኮቹ ካልቨርቶች የመግዛት ሥልጣናቸውን ተነጥቀው ግዛቷ በዘውዱ ሥር ገባች፤ መናገሻዋም ከሴንት ሜሪስ ሲቲ ወደ አናፖሊስ ተዛወረች። በ1715 ግዛቲቱ ለቤተሰቡ የተመለሰችው ወራሹ የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ከተቀበለ በኋላ ነው። ለካቶሊኮች መጠለያ ተብላ የተመሠረተችው ሜሪላንድ በ1718 ካቶሊኮችን ድምፅ ከለከለች፤ አይሁዶች ደግሞ የሕዝብ ሹመት እንዲይዙ የተፈቀደላቸው በ1826 ነው። ይህ ሁሉ በሦስት ዓረፍተ ነገር ሊነገር ይችል ነበር።

የጉብኝቱ እምብርት የስቴቱ ምክር ቤት ሕንፃ፣ ስቴት ሀውስ ነው። ግንባታው የተጀመረው በ1772 ሲሆን፣ ሕግ አውጪ ሳያቋርጥ ሲሰበሰብበት በመቆየት ከአሜሪካ ስቴቶች ምክር ቤቶች ሁሉ ቀዳሚ ነው። በአሮጌው የሴኔት አዳራሽ ጆርጅ ዋሽንግተን ታኅሣሥ 23 ቀን 1783 የጦር አዛዥነቱን ለኮንግረሱ አስረክቧል፤ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው የፓሪስ ውልም በቀጣዩ ወር የጸደቀው እዚያው ነው። ድል ያደረገ የጦር መሪ ሥልጣኑን በገዛ ፈቃዱ ለሲቪሎች የመለሰበት ክፍል የጠበቅኩትን ያህል ሰፊ አይደለም። ዋሽንግተን በእጁ የጻፈው የንግግሩ ረቂቅ በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። አስጎብኚው እዚህ ዝም ብሎ እንድናይ መተዉን ወድጄለታለሁ።

በአሮጌው የተወካዮች አዳራሽ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ ባርነትን የታገሉት የሃሪየት ተብማንና የፍሬድሪክ ዳግላስ የነሐስ ሐውልቶች ቆመዋል፤ ሁለቱም በዚሁ ስቴት በባርነት የተወለዱ ናቸው። አስጎብኚው ባርነት በ1864ቱ ሕገ መንግሥት መሻሩን በኩራት ነገረን። ከዚያ በፊት ሁለት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1664፣ ጥቁሮችን ዕድሜ ልክ ባሪያ የሚያደርገውን ሕግ ያወጣው ይኸው ጉባኤ መሆኑን ግን አልጠቀሰም። ሐውልቶቹ ፊት ቆመን ይህን አለመስማታችን የጉብኝቱ ትልቁ ጉድለት ነው።

ስለ ዛሬው አስተዳደር አንዲት ጎብኚ ስትጠይቀው የሰጠው መልስ ግን ጥሩ ነበር። የስቴቱን ትልልቅ ውሎች የሚያጸድቀው አገረ ገዥው ብቻውን ሳይሆን ከሒሳብ ሹሙና ከግምጃ ቤት ኃላፊው ጋር ሆኖ ነው፤ ሒሳብ ሹሙን ሕዝቡ ሲመርጠው፣ የግምጃ ቤት ኃላፊውን የሚመርጠው ሕግ አውጪው ነው።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። ስቴት ሀውስን መጎብኘት በነፃ ነው፤ አዋቂዎች ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይያዙ። ታሪኩን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ያለ አስጎብኚ ሊያየው ይችላል። ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ወላጆች ካሏችሁ ግን ይዛችኋቸው ሂዱ፤ የስቴቱ ዋና ከተማና የመጀመሪያዎቹ 13 ስቴቶች ከጥያቄዎቹ መካከል ናቸው። የጡብ መንገዱ ወጣ ገባ ስለሆነ ምቹ ጫማ ያድርጉ።