ባለ 8 ፍሬንች የልብ ውኃ ማፍሰሻ ስብስብ፦ ለባሕር ዳር ዎርዶች ይበጃል?

ከሳንባ፣ ከጡት ወይም ከሊምፎማ (ከንፍፊት ካንሰር) ተነሥቶ ልብ የደረሰ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው የልብ ሽፋኑ ላይ ነው፤ እዚያም ውኃ ይቋጥራል። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ ቀድሞ የሚፈለገው ደረት መክፈቻ ሳይሆን ይህ ትንሽ እሽግ ነው፦ ረጅም መርፌ፣ መሪ ሽቦ፣ የመርፌውን ቀዳዳ ማስፊያ፣ ጫፉ የተጠቀለለ ማፍሰሻ ቱቦ (ፒግቴይል ካቴተር) እና መቀበያ ቦርሳ።

ፍሬንች የቱቦ ውፍረት መለኪያ ነው፤ ከ6 ፍሬንች ይልቅ 8ቱን እንመርጣለን። 6ቱ ሲገባ ይቀላል፤ ግን የካንሰር ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ደም የቀላቀለ ስለሆነ ቶሎ ይደፈናል።

ታካሚው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ይላል። መርፌው የት እንደሚገባ የሚወስነው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ነው፤ ውኃው በብዛት የተጠራቀመበትና ለቆዳ የቀረበው ቦታ ይመረጣል። ከጡት አጥንት ጫፍ ሥር ከተገባ ጉበት መንገድ ላይ አለ። አስጨናቂው ቅጽበት ሲሪንጁ ቀይ ሲሆን ነው፤ ውኃው ራሱ ደም ለብሶ ነው ወይስ ልብ ተበሳ? ጥቂት የተናጠ ሳላይን (የጨው ውኃ) ሰዶ በኢኮ ማየት ነው። አረፋው ከልብ ውጭ ባለው ውኃ ውስጥ ከታየ ሽቦው ይግባ። ልብ ውስጥ ከታየ ማስፊያውን እንዳትነኩ።

በአንድ ጊዜ ከ1 ሊትር በላይ አይፍሰስ፤ ጫናው በድንገት ሲነሣ ልብ ሊደክም፣ ሳንባም ውኃ ሊሞላ ይችላል። የመጀመሪያው ናሙና ለካንሰር ሕዋስ ብቻ ሳይሆን ለቲቢም ይላክ፤ አገራችን ውስጥ ይህ የግድ ነው። ካቴተሩ የሚወጣው የ24 ሰዓቱ ፈሳሽ ከ25 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ ነው። ከዘጌ በጀልባ የመጣ ታካሚ ከዚያ በፊት አይሸኝ፤ ቁስሉ ቢያመረቅዝ ማን ያይለታል?

የስብስቡ ትልቁ ድክመት ውኃው ተመልሶ እንዳይቋጥር አለማድረጉ ነው። ከተመለሰ ሰርጂን ከጡት አጥንት ሥር ቀዶ ከሽፋኑ ቁራሽ ያወጣል፤ መስኮት የሚባለው ይኸው ነው፤ ቁራሹም ለፓቶሎጂ ይሄዳል። ዕጢውን ከልብ ውስጥ ማውጣት ግን የልብና የሳንባ ማሽን ይጠይቃል፤ የሚመረጡትም ጥቂቶች ናቸው፣ ለምሳሌ የኩላሊት ካንሰር በትልቁ የደም መልስ ቧንቧ ወጥቶ ቀኝ ልብ የገባባቸው።

ለእንዲህ ያለው ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ይጻፋል። ውኃው ልቡን ጨቁኖት የአንገቱ ደም ሥር ተወጥሮ የደም ግፊቱ የወረደ ሰው ግን ውኃው ሳይፈስለት የዓባይ በረሃን መሻገር የለበትም።