ቢቦት፦ ለትንንሽ ልጆች ኮዲንግ ማስጀመሪያ

ልጆቻችሁን ኮዲንግ (ለኮምፒውተር ወይም ለሮቦት ትዕዛዝ በቅደም ተከተል መስጠት) ማስጀመር ለምትፈልጉ ቢቦት የምትባለዋን የንብ ቅርጽ ያላት ሮቦት ከልቤ ነው የምመክራችሁ። ስክሪን የለ ኢንተርኔት የለ፣ ጀርባዋ ላይ ወደፊት ወደኋላ ቀኝ ግራ የሚሉ ቁልፎች አሏት፣ ልጁ መንገዱን አስቦ ተራ በተራ ይጫንና መሃል ያለውን አረንጓዴውን ሲነካው የታዘዘችውን ትሄዳለች። አንድ እርምጃዋ 15 ሳንቲሜትር ስለሆነ እኛ ካርቶን ላይ በዛው ልክ ካሬ አስምረን ፊደል ጻፍንበት፣ ልጄ ከ«ሀ» ተነስታ «መ» ጋ ልታደርሳት ስትሞክር ብታዩዋት! ቀኝ ሲጫኑ እዛው 90 ዲግሪ ትዞራለች እንጂ አትሄድም፣ ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚች ጋ ነው፣ ደስ የሚለው ግን ማንም ሳይነግራቸው ስህተቱን ወለሉ ላይ ራሳቸው ያዩታል። አዲስ ትዕዛዝ ከመስጠታቸው በፊት የኤክስ (X) ምልክት ያለባትን ቁልፍ ይጫኑ፣ አለዚያ የድሮውንም ጨምራ ነው የምትሄደው። ከ3ኛ ክፍል በላይ ላሉት ግን ቶሎ ትሰለቻቸዋለች፣ ለነሱ ስክራች የሚባለው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የልጆች ኮዲንግ ፕሮግራም ይሻላል።