ስለ አንድ ስም ሁለት ቀን ሙሉ ለታገሡን የመዝገብ ቤት ባለሙያ

ባለፈው ዓመት 25 ፓውንድ ከፍዬ የገዛሁት ጥቅልል ወረቀት አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አንበሳና ጋሻ ተስሎበታል፤ ከሥሩ በወርቃማ ቀለም «ጥንታዊውና ክቡሩ የፓንክረስት ቤተሰብ» ይላል። ወደ እሱ እመለሳለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ጥቅልሉ ከንቱ መሆኑን እኔን ሳያሳፍሩ፣ ልጄንም ሳያሳዝኑ ላስረዱን አንዲት ሴት ምስጋና ለማቅረብ፣ በዚያውም እንግሊዝ አገር ለምትኖሩ ወገኖች የሚሠሩበትን ቤት ለመጠቆም ነው።

ነገሩ የጀመረው በልጄ የቤት ሥራ ነው። «የቤተሰብ ስማችሁ ከየት እንደ መጣ አጥንታችሁ በካርታ አሳዩ» ተባሉ። በእኛ ልጅ ፓስፖርት ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተጻፈው የአባቴ መጠሪያ ነው። ከአገር ስወጣ ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቀኝ የአባቴን ስም ሞላሁ፤ በዚያው ጸና። አባቴን በካርታ ላይ ማስቀመጥ አይቸግርም፤ ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት ነጥብ ናቸው። ልጅቱ ግን በአንዲት ነጥብ የምትረካ አይደለችም። መላውን የሰጧት አዲስ አበባ ያሉት አያቷ ናቸው፤ በስልክ «የሲልቪያ ፓንክረስትን ስም ለምን አትሠሪውም? እኛው ሥላሴ አይደል እንዴ ያረፉት?» አሏት። ሲልቪያ ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለች፣ በኋላም ለኢትዮጵያ የቆመች እንግሊዛዊት ናት፤ አስተማሪዋም ፈቀደች።

እኔ ደግሞ እንደ ሰነፍ አባት አቋራጭ ፈለግሁና ያንን ጥቅልል ገዛሁ። ልጄ አንብባው «አባዬ፣ ይህ እኮ ከየት እንደ መጡ አይልም» ስትለኝ ነው የነቃሁት። የስሙ አገር ደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ መሆኑን የነገረን ሰው ስለ ነበር፣ ብራይተን አጠገብ ፋልመር ላይ ላለው «ዘ ኪፕ» ለተባለ የመዛግብት ማእከል ጻፍን። ቤቱ በ2013 የተከፈተ ሲሆን (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የምሥራቅ ሳሴክስ መዛግብት የሚቀመጡት እዚያ ነው። መልስ የሰጡን ሴት ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀውኛል። ልጄ «እትዬ» እያለች ስትጠራቸው ስለ ዋለች እኔም እንዲያው እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ስትነግራቸው ፊታቸው ሁሉ በርቶ ነበር።

የንባብ ክፍሉ ሥርዓት ለብቻው ትምህርት ነው። ቦርሳ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ብዕር ክልክል ነው፤ በእርሳስ ብቻ ይጻፋል። የጥንት የብራና ሰነድ ሲመጣ ከሥሩ ለስላሳ መደገፊያ ይደረግለታል፤ ገጹ እንዳይታጠፍ ደግሞ በጨርቅ የተሸፈነ የከባድ ዶቃ ገመድ ይጋደምበታል። ልጄ «ወረቀት ትራስ አለው እንዴ?» አለች። እትዬ ሳይስቁ «አዎን፣ አምስት መቶ ዓመት የቆየ ሰው ትራስ አይገባውም?» ብለው መለሱላት። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ልጄ የእሳቸው ሆነች፤ እኔ ቦርሳ ያዥ ብቻ ሆኜ ቀረሁ።

አሁን ወደ ስሙ። እንግሊዞች ከልጅ ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ስም መያዝ የጀመሩት ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ ቀስ በቀስ ነው። ፓንክረስትን በተመለከተ የስም ሊቃውንት ሁለት መንገድ ያሳያሉ። አንደኛው ቦታ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ኸርስት» ማለት ዛፍ የለበሰ ኮረብታ ነው። እትዬ የሳሴክስንና የኬንትን ካርታ ዘርግተው ልጄን «በኸርስት የሚያልቀውን ሁሉ በጣትሽ ፈልጊ» አሏት። ላምበርኸርስት፣ ስቴፕልኸርስት፣ ቲስኸርስት፣ ዋድኸርስት፣ ሚድኸርስት፣ ቢሊንግስኸርስት፤ ጣቷ ማረፊያ አጣ። አገሩ ዊልድ የሚባለው፣ በሁለት የኖራ ተራሮች መካከል ያለ የጥንት ደን ነው፤ መንደሩ ሁሉ ስሙን ከደኑ ወስዷል። ፒንክኸርስት የሚባል የእርሻ ቦታም «ሰሪ» በሚባለው አጎራባች አውራጃ፣ አቢንጀር አጠገብ አለ። እኔ በልቤ ደብረ ብርሃንን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ደብረ ታቦርን እየቆጠርሁ ነበር። ደብርም እኮ መጀመሪያ ተራራ ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው በእርሳሳቸው ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

ሁለተኛው መንገድ ግን እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝ ነው፦ ጰንጠቆስጤ። በመካከለኛው ዘመን በበዓለ ሃምሳ የተወለደ ልጅ በበዓሉ ስም ይጠራ ነበር። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ፋሲካም፣ ትንሣኤም፣ ልደቱም ጎረቤቶቻችን ናቸው። እንግሊዝ ውስጥም ፓስኮ የሚባለው የኮርንዎል ስም ከፋሲካ የመጣ ነው። በሳሴክስ ጰንጠቆስጤ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ተሸራርፎ፣ ሰዉ ከሚያውቀው «ኸርስት» ከሚለው ድምፅ ጋር ተለጥፎ ፓንክረስት ሆነ የሚሉ አሉ። እትዬ ስለዚህ ሲያስረዱ የድሮ ጸሐፊዎች አንድን ሰው በሁለት ስም ሲጽፉ በመካከል የሚያስገቧትን አጭር ምልክት አሳዩን። «እንዲህ ወይም እንዲያ የሚባለው» እንደ ማለት ናት። እንዲህ ያለች አንዲት ቃል ለስም ፈላጊ ወርቅ ናት አሉን።

«ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ?» አልኋቸው። መልሳቸው ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ነው። «ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ለአንዱ ቤተሰብ አንደኛው፣ ለሌላው ሁለተኛው። አንዱን መርጬ ብነግርዎ ደስ ይልዎታል፤ ግን የሸጥሁልዎ ጥቅልል ነው የሚሆነው» አሉኝ። ጥቅልሉን ገና አላሳየኋቸውም ነበር! ለካ በየጊዜው ይመጣላቸዋል። ከዚያማ ከቦርሳዬ አወጣሁት። በእንግሊዝ አገር የጋሻ አርማ ለአንድ ሰውና ለዘሩ ይሰጣል እንጂ ያንን ስም ለያዘ ሁሉ አይሆንም፤ ይህን የሚመዘግበው ከ1484 ጀምሮ ለንደን ያለው የአርማዎች ኮሌጅ ነው። ማለትም «የፓንክረስቶች ሁሉ አርማ» የሚባል ነገር የለም። ልጄ «አንበሳውስ?» አለች። «አንበሳው ቆንጆ ነው፤ ግድግዳሽ ላይ ስቀዪው» አሏት።

የደብር መዝገቦቹን ያየነው በማሽን መስኮት ነው፤ ዋናዎቹ እንዳይጎዱ በፎቶ ነው የሚታዩት። ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር በየደብሩ እንዲመዘገብ የታዘዘው በ1538 በሄንሪ ስምንተኛ ዘመን ነው። የጽሕፈቱን ነገር አታንሡ፤ የዶክተር ማዘዣ ከእሱ ይሻላል። እትዬ ፊደል በፊደል ያነቡልን ነበር። አንድ ቦታ ላይ ታኅሣሥ 1640 ካለፈ በኋላ ጥር 1640 ሲመጣ «ጸሐፊው ተሳስቷል» አልኋቸው። አልተሳሳተም። እስከ 1752 ድረስ እንግሊዞች ዘመን የሚለውጡት መጋቢት 25 ቀን ነበር። እኛ በመስከረም ዘመን ስለምንለውጥ ስንት ፈረንጅ ሲገረምብኝ ኖሯል! በዚያን ቀን ተራው የእኔ ነበር።

በሁለተኛው ቀን የመጣው የሥርጭቱ ካርታ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1881 ሌሊት የተደረገውን የሕዝብ ቆጠራ በጎ ፈቃደኞች በሙሉ ገልብጠውት ስለ ነበር፣ ማንኛውም ስም በየአውራጃው ስንት ሰው እንደ ያዘው በቀለም ማየት ይቻላል። የፓንክረስት ካርታ ሳሴክስና ኬንት ላይ ጠቁሮ፣ ወደ ሰሪና ወደ ለንደን እየደበዘዘ፣ ወደ ሰሜን ሲሄድ ነጭ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ስሙ ብዙ መቶ ዓመት ኖሮ ከደኑ እምብዛም አልራቀም ማለት ነው። የሚገርመው ግን ዓለም የሚያውቃቸው ፓንክረስቶች ከዚያ ጥቁር ቦታ አለመገኘታቸው ነው። የሲልቪያ አባት የሕግ ባለሙያው ሪቻርድ ማርስደን ፓንክረስት በስቶክ ተወልደው በማንቸስተር የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሲልቪያም በ1882 የተወለደችው እዚያው ማንቸስተር፣ ኦልድ ትራፎርድ ነው። ስሙን ዝነኛ ያደረጉት ስሙ በጣም በሳሳበት አገር የነበሩት ናቸው።

እኔ በዚህ መካከል ሌላ አቋራጭ አገኘሁ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለንደን ውስጥ አዳም ፒንክኸርስት የሚባል ቁም ጸሐፊ ነበር። «እንግዲህ የሲልቪያ ቅድመ አያት ይህ ነው!» ብዬ ተነሣሁ። እትዬ እርሳሳቸውን አስቀምጠው «ድልድዩ የት አለ?» አሉኝ። የስም መመሳሰል ዝምድና አይደለም። ከልጅ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት አንድ በአንድ እየተወጣ ነው የሚኬደው፤ መወጣጫው የተሰበረበት ቦታ ላይ መቆም ነው። ልጄ በኩራት «ሰባት ቤት እንደ መቁጠር ነዋ!» አለቻቸው። ይህን ከአያቷ ነው የሰማችው።

እኛም ለእትዬ የሰጠናቸው ነገር አለ፤ እንዲሁ በልተን ብቻ አልሄድንም። የሲልቪያ ወላጆች ኤመሊንና ሪቻርድ ፓንክረስት ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ፍራንክ በሕፃንነቱ በ1888፣ ሃሪ በ20 ዓመቱ በ1910 ሞቱ። ከሲልቪያ እኅቶች ክሪስታቤል አላገባችም፤ አዴላ አውስትራሊያ ሄዳ አግብታ ልጆቿ በባሏ ስም ተጠሩ። ስሙ በዚያ ቤት መጥፋቱ ነበር። ሲልቪያ ግን ከጣሊያናዊው ሲልቪዮ ኮሪዮ ጋር ስትኖር ጋብቻ መፈረምንም የባል ስም መውሰድንም አልቀበልም አለች፤ በ1927 የተወለደው ልጇም ሪቻርድ ፓንክረስት ተባለ። እናቷ ኤመሊን በዚህ አኩርፈው ሳይታረቁ በ1928 ሞቱ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት፣ ሁላችንም የምናውቃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድ እኒሁ ናቸው።

ይህን ታሪክ እትዬ ከእኛ በላይ ያውቁታል። የማያውቁት የእኛን የስም ሥርዓት ነው። በእኛ ቢሆን ልጁ «ሪቻርድ ሲልቪዮ»፣ የልጁ ልጅ ደግሞ «አሉላ ሪቻርድ» ነበር የሚባለው፤ ፓንክረስት የሚለው ስም አዲስ አበባ ሲደርስ በአንድ ትውልድ ይጠፋ ነበር ስላቸው ዝም ብለው ቆዩ። ሲልቪያ በ1956 አዲስ አበባ ገብታ በ1960 ስታርፍ ደግሞ ለጸሎተ ፍትሐቱ ወለተ ክርስቶስ የሚል ስም እንደ ተሰጣት ልጄ ነገረቻቸው። «እንግዲያው ካርታሽ ገና አላለቀም» አሏት። በዚህ ምክንያት የልጄ ካርታ ከሳሴክስ ደን ተነሥቶ፣ በማንቸስተር አልፎ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ውስጥ በቀይ ነጥብ ያበቃል።

የምትሄዱ ካላችሁ፦ መግቢያ አይከፈልም። መታወቂያና አድራሻችሁን የሚያሳይ ወረቀት ያዙ። አስቀድማችሁ በኢሜይል የምትፈልጉትን ጻፉላቸው፤ «ስለ ስሙ ሁሉን ነገር» ሳይሆን ማን፣ የት፣ መቼ ብላችሁ። ስሙ የምዕራብ ሳሴክስ ከሆነ ቺቸስተር፣ የሰሪ ከሆነ ዎኪንግ፣ የኬንት ከሆነ ሜድስተን ያሉትን መዝገብ ቤቶች ጠይቁ፤ የእኛም እትዬ ያለ ስስት ወደዚያ ይመራሉ። ብርቅ የሆኑ ስሞችን አንድ በአንድ የሚያጠኑ ሰዎችም በ1979 የተቋቋመ ማኅበር አላቸው። እንግሊዛዊ ያገባችሁና ልጆቻችሁ «የእማዬ ስም ምን ማለት ነው?» ለሚሏችሁ ይህ ሁሉ ይጠቅማል። ጥቅልል ግን አትግዙ፤ የኔን በነጻ እሰጣችኋለሁ።

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን። ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ እንደ ትልቅ ተመራማሪ አክብረው «የእርስዎ ጥያቄ ምንድን ነው?» ብለው ተቀበሏት። ከሳምንት በኋላ በፖስታ የካርታው ቅጂ መጣላት። ከታች፣ ልጄ በንባብ ክፍሉ ያስተማረቻቸውን ፊደል በእርሳስ አስመስለው «እትዬ» ብለው ፈርመዋል፤ «ዬ» ፊቷን ወደ ግራ አዙራለች።