«ስማርት ቤት» በኮንዶሚኒየም፦ የቱ ይገዛ፣ የቱ ይቅር

መገናኛ አካባቢ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በአንዱ «ሙሉ ስማርት ቤት» እየተባለ የሚሸጥ ጥቅል አለ። ካርቶኑ ውስጥ ስማርት ሶኬቶች፣ ስማርት አምፖሎች፣ ሪሞቶችን ሁሉ የሚተካ ክብ ነገር እና ቲቪን ከኢንተርኔት የሚያገናኝ አንድ ቲቪ ቦክስ አሉ። ገዛሁት። እኔና እማዬ በምንኖርበት የሰሚት ኮንዶሚኒየም ገጠምነው፣ ክረምቱንም አብረነው ከረምን። ሶኬቱና ክቡ ሪሞት የተከፈለባቸውን ያወጣሉ። አምፖሉ ይቅርባችሁ። ቲቪ ቦክሱን ግን በነጻም ቢሰጧችሁ አትቀበሉ።

ዋጋ አልጽፍም። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዕቃ ዋጋ መጻፍ ሰው ማሳሳት ሆኗል። ሻጩ ራሱ ስደውልለት «እህቴ፣ ይሄ የዛሬ ነው፣ ነገ አላውቅም» ነበር ያለኝ።

መጀመሪያ ግን ጥቅሉ ውስጥ ስለሌለ ዕቃ ላውራ። የራውተር ሚኒ ዩፒኤስ ይባላል። መጽሐፍ የምታክል ባትሪ ናት፣ 12 ቮልት ታወጣለች፣ ራውተሩ በእሷ በኩል ይሰካል። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩ አይሄድም። እነዚህ ስማርት የሚባሉ ዕቃዎች በሙሉ በዋይፋይ ነው የሚኖሩት። ባብዛኛው የራሳቸው ባትሪ ያለው ሰዓት የላቸውም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ከኢንተርኔት ነው የሚጠይቁት። ራውተሩም አብሮ ጠፍቶ ገና እየተነሳ ከሆነ ሶኬቱ ቀኑን አያውቅ ሰዓቱን አያውቅ፣ ያዘዛችሁትም ያልፈዋል። ስለዚህ ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ይችን ግዙ፣ ሌላው ይደርሳል።

አሁን ወደ ሶኬቱ። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ዕቃችሁ ደግሞ እሱ ላይ ይሰካል። በስማርት ላይፍ አፕ ነው የሚታዘዘው። መጀመሪያ ሲገናኝ ትንሽ ያስቸግራል፣ ምክንያቱም የሚያውቀው 2.4 ጊጋኸርዙን ዋይፋይ ብቻ ነው። የብዙዎቻችን ራውተር 2.4ቱንና 5ቱን በአንድ ስም ያወጣቸዋል። የራውተሩ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ ስማቸውን ለዩት፣ ከዚያ ወዲያው ይገናኛል።

ሶኬቱን የወደድኩበት ዋና ምክንያት ማስታወቂያው ላይ የለም። አፑ ውስጥ መብራት ሲመለስ ሶኬቱ ምን ያድርግ የሚል ምርጫ አለ፦ ይብራ፣ ይጥፋ፣ ወይም እንደነበረ ይሁን። «ይጥፋ» የሚለውን ምረጡ። እኛ ቤት መብራት ሲመጣ ዝም ብሎ አይመጣም። መጥቶ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ አንዳንዴም ከፍ ብሎ ይመጣል። ጎረቤታችን ቲቪያቸው የተቃጠለው በእንደዚህ ዓይነቱ አመጣጥ ነው። ድሮ መብራት በሄደ ቁጥር እማዬ ከክፍል ክፍል እየዞረች ሁሉንም ትነቅል ነበር። አሁን ቲቪውም ሪሲቨሩም ከስማርት ሶኬቱ ጀርባ ናቸው። መብራቱ የፈለገውን ያህል ቢጨፍር እነሱ ጠፍተው ይጠብቃሉ። ሲረጋጋ እኛ እናበራቸዋለን። ስቴብላይዘር ይተካል ማለቴ አይደለም፣ ቮልቴጅ አያስተካክልም። ፍሪጁንም እዚህ ላይ አላደርገውም። ሁለታችንም ሥራ በዋልንበት ቀን መብራት ቢሄድና ቢመጣ፣ ፍሪጁ እስከ ማታ ጠፍቶ ሥጋው ይበላሻል። ለፍሪጅ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ራሱ የሚያሳልፈው መከላከያ ነው የሚሻለው።

ሁለተኛው ሥራው ቦይለር ነው። የእኛ 50 ሊትር፣ 1500 ዋት ነው፣ በሶኬት ይሰካል። (በቀጥታ ከመስመር የተያዘ ከሆነ አትንኩት፣ ኤሌክትሪሺያን ይየው።) ቀዝቃዛውን ውሃ ለገላ እስኪበቃ ለማሞቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል በርቶ 12 ሰዓት ላይ እንዲጠፋ አዘዝኩት። አፑ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ 04:30 እና 06:00 ብላችሁ ነው የምትጽፉት። እማዬ ይህን ስታይ «ስማርት ነው ካላችሁ ሰዓታችንን አይማርም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሶኬቱ የሚሄደውንም ኃይል ይቆጥራል። ከዚህ ያወቅኩት ነገር አሮጌው ሪሲቨራችን በሪሞት ጠፍቶ ቀይዋ መብራት ብቻ በርታ እያለ 10 ዋት እንደሚጎትት ነው። ቀን ከሌሊት፣ ወሩን ሙሉ፣ ከ7 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሆናል። የቤት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታችሁ በጨመረ ቁጥር የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ በደረጃ ከፍ የሚያደርግ ነው። ካርድ ለምትሞሉ ሰዎች ይሄ ቀላል አይደለም።

ምጣድ ግን አደራ። ሻጩ «ምጣድም ይችላል» ብሎኛል። ሶኬቱን ገልብጣችሁ ጎኑን እዩት፣ በደቃቅ ጽሑፍ 10 አምፒር ይላል። በ220 ቮልት ሲባዛ 2200 ዋት ነው። የእኛ ምጣድ ጀርባው ላይ 3500 ዋት ተጽፎበታል። 16 አምፒር የሚል ሶኬትም ገበያ ላይ አለ፣ እሱ እስከ 3520 ይደርሳል፣ በወረቀት ላይ ያልፋል። ሊጥ ሙሉ እስኪያልቅ ሰዓታት ለሚቆይ ጋገራ ግን እኔ በ20 ዋት ልዩነት ቤቴን አላስይዝም። ምጣዱ በራሱ መስመርና በራሱ ብሬከር ይቆይ።

አምፖሉን ባጭሩ ልለፈው። ቀለም ይቀያይራል፣ እንግዳ ሲመጣ ያምራል። ሰው ግን መብራት የሚያጠፋው ግድግዳው ላይ ባለው ማብሪያ ማጥፊያ ነው። እማዬ እሱን ቀጭ ስታደርገው አምፖሉ ኃይል አጥቶ ከዋይፋይ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ በስልክ ቢጠሩት አይሰማም። በተቃራኒው ደግሞ ማጥፊያውን ሳትነኩ በስልክ አጥፍታችሁ ከተኛችሁ፣ መብራት ሄዶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲመለስ የቤቱ አምፖል በሙሉ ቦግ ይላል። የእኛዎቹ ላይ ይህን የሚያስተካክል ምርጫ የለም። እማዬ «ኪዳን ደረሰ እንዴ?» ብላ ነጠላዋን ፍለጋ ተነስታ ታውቃለች። ሲመሽ በራሱ ይበራል የሚለውም አዲስ አበባ ላይ እምብዛም አይጠቅምም፤ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት እስከ 12:50 ባለው ጊዜ ስለሆነ አንድ ቋሚ ሰዓት ማዘዝ ይበቃል። ተራውን ኤልኢዲ መልሼ ገጥሜያለሁ።

ክቡ ሪሞት ግን ቤታችንን አሳርፏል። የእጅ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ጥቁር ነገር ናት። እንደ ሪሞት ሁሉ በማይታይ ብርሃን ነው የምትሠራው፣ ትእዛዙን ግን ከስልክ በዋይፋይ ትቀበላለች። የቲቪውንና የሪሲቨሩን ትእዛዞች አስተማርኳት። ከዚያ «ዜና» የሚል አንድ ቁልፍ ሠራሁ፦ ቲቪው ይበራል፣ ወደ ሪሲቨሩ ይዞራል፣ ቻናሉ ይመጣል። እማዬ ከሁለት ሪሞትና «ኤችዲኤምአይ ስንት ነበር?» ከሚለው ጥያቄ ተገላገለች።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ክቧ ነገር ትናገራለች እንጂ አትሰማም። ቲቪው በርቶ ይሁን ጠፍቶ አታውቅም። የቲቪ ማብሪያና ማጥፊያ አንድ ቁልፍ ስለሆነ፣ በርቶ እያለ «ዜና»ን ብትነኩ ታጠፋዋለች። መፍትሔው ያ ስማርት ሶኬት ነው፤ የሚሄደውን ዋት አይታችሁ ቲቪው መብራቱን ታውቃላችሁ። እማዬ ግን ዋት አትቆጥርም፣ ሳሎን ሄዳ ታየዋለች። ሁለተኛ፣ ብርሃኑ እንቅፋት አይወድም። ሦስት ቀን ሙሉ አንዴ ሲሠራ አንዴ ሲያስቸግር ቆይቶ ምክንያቱን ያገኘሁት ቲቪው ላይ ነው፦ የእማዬ ዳንቴል። ጫፉ ወርዶ የቲቪውን መቀበያ ዓይን ሸፍኖታል። ዳንቴሉን ማንሳት የማይታሰብ ስለሆነ ወደ ግራ አራት ጣት ያህል ሳብ አደረግነው።

ሜሪላንድ ያለችው እህቴ በንግግር የሚታዘዝ የአሌክሳ ድምፅ ማጉያ ልካልናለች። ሙዚቃ ታጫውታለች፣ ድምፅዋ ጥሩ ነው። አማርኛ ግን አታውቅም። እማዬ እንግሊዝኛ ለማዘዝ ፈቃደኛ አይደለችም፣ ስለዚህ ለእኔ ብቻ ትሠራለች። ከአሜሪካ ለሚልኩላችሁ ዘመዶች አንድ ነገር ንገሩልኝ፦ የዚያን አገር ስማርት ሶኬት አይላኩ። እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220፣ እግሩም እኛ ሶኬት ላይ አይገባም።

የቀረው ቲቪ ቦክሱ ነው። ክዳኑ ላይ «8ኬ» የሚል ወርቃማ ጽሑፍ አለው። ዩቲዩብ ይከፍታል። ኔትፍሊክስ ላይ ግን ምስሉ ደብዛዛ ነው፣ ኢንተርኔታችሁ የፈለገውን ያህል ቢፈጥን አይጠራም። እነዚህ ቦክሶች ባብዛኛው የምስል መብት ጥበቃ ማረጋገጫ የላቸውም፣ ኔትፍሊክስም ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ጥራት ያለውን ምስል አይሰጥም። እሱ ይሁን፣ ይታለፋል። የማይታለፈው ሌላው ነው። በፈረንጆቹ 2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለተባለ ወንጀል አስጠንቅቋል። አንዳንድ ርካሽ የአንድሮይድ ቦክሶች ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ተንኮል ያለው ሶፍትዌር ተጭኖባቸው ይመጣሉ፣ ከዚያም የቤታችሁን ኢንተርኔት ሌቦች ይገለገሉበታል። ጎግልም በዚያው ዓመት ጉዳዩን ፍርድ ቤት ሲወስደው የተያዙት ዕቃዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው ብሏል። የእኔው ቦክስ ከነሱ አንዱ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ፕሌይ ስቶሩ ቅንብር ውስጥ ገብቼ የፕሌይ ፕሮቴክት ማረጋገጫውን (ጎግል ለመረመራቸው ዕቃዎች የሚሰጠውን) ሳይ «አልተረጋገጠም» ይላል። ከሞባይል ባንኬ ጋር በአንድ ዋይፋይ እንዲያድር አልፈለግኩም፣ ነቅዬ ካርቶኑ ውስጥ መለስኩት። ቲቪያችሁ ስማርት ከሆነ የራሱ አፕ ይበቃል። ካልሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ ይቺን ማረጋገጫ እዩ። ሻጩ አይከፈትም ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ስለ ሱቁ አገልግሎት፣ ልጆቹ ትሑት ናቸው፣ ስልክም ያነሳሉ። አንዱ ሶኬት መገናኘት እምቢ ብሎ ወስጄላቸው ያለ ጭቅጭቅ ቀይረውልኛል፣ ደረሰኙን ግን አጥብቀው ጠይቀዋል፣ ስለዚህ አትጣሉት። የማልወድላቸው ነገር ጥቅሉን አንበትንም ማለታቸው ነው። ሶኬቱንና ክቡን ሪሞት ብቻ የሚፈልግ ሰው አምፖሉንም ቦክሱንም አብሮ ይሸከማል። እዚያው ደረጃው ላይ ከፍ ብሎ ያለው ሱቅ ግን ያንኑ ዕቃ ነጠላ ነጠላውን ይሸጣል።