ለድመታችን የገዛሁት የብረት ማበጠሪያ፦ ከመስቀል እስከ ሰኔ

ፍርዴን ላስቀድም። ያወጣሁበት ገንዘብ አይቆጨኝም። የፀጉር መርገፉን ግን አላቆመውም፤ የሚያቆመው ነገርም የለም። ጤነኛ ድመት ሁሉ ፀጉሯን ትቀይራለች። ማበጠሪያው የረገፈው ፀጉር ጋቢ ላይ ሳይበተን፣ ድመቷም ሳትውጠው ቀድሞ ይሰበስበዋል። ለኔ ይህ በቂ ነው።

የኛ ድመት ቡላ ትባላለች፤ መልኳም እንደ ስሟ ነው። የምንኖረው ሐዋሳ ነው። በራችን ላይ ባጃጅ ስለሚበዛ ከቤት አትወጣም። እናቴ ሐዘን ላይ ስለነበረች ጥቁር ነበር የምትለብሰው። የቡላ ነጣ ያለ ፀጉር ቀሚሷን ሞልቶት «በዚህ ልብስ እንዴት ለቅሶ ቤት እገባለሁ?» ስትል አንጀቴን በላችው። ማበጠሪያውን ያስመጣሁት ያኔ ነው።

ፈርሚኔተር በሚባለው ስም የሚታወቀው ዓይነት ነው፤ የኔው ግን ስም የሌለው፣ በዚያው ቅርጽ የተሠራ ነው። ጫፉ ላይ ደቃቅ የብረት ጥርሶች ተደርድረዋል። ጥርሶቹ የላይኛውን ፀጉር አልፈው ከሥር ያለው ለስላሳ ፀጉር ጋ ይደርሳሉ። ከዚያ የለቀቀውን ይዘው ይወጣሉ። ሶፋና ምንጣፍ የሚሞላው በብዛት ይኸው የሥር ፀጉር ነው።

ስለ አጠቃቀሙ ሳነብ በፀደይና በመኸር አዘውትሩ የሚል ምክር ደጋግሞ ገጠመኝ። ይህ ለፈረንጅ አገር ይሠራል። የድመት ፀጉር የሚቀየረው የቀኑን ብርሃን ርዝመት ተከትሎ ነው። ሐዋሳ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት 1 ሰዓት አይሞላም። ቤት ውስጥ ለምትውል ድመት ማታም አምፖል ይበራል። የቡላ ፀጉር ወቅት ሳይጠብቅ ዓመቱን ሙሉ ይረግፋል። ስለዚህ እኔም በየሳምንቱ አበጥራታለሁ፣ ክረምት ከበጋ ሳልል።

በረንዳ ላይ አሮጌ አንሶላ አነጥፋለሁ። ነፋስ ሳይነሳ፣ በጠዋት። ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ፣ ከአንገት ወደ ጀርባ፣ በጣም በቀላል እጅ። መጫን አያስፈልግም። ከተጫናችሁት ወይም አንድ ቦታ ከደጋገማችሁ ቆዳዋ ይቀላል፣ ጤነኛውም ፀጉር ይቆረጣል። ሆዷን፣ ብብቷንና ጭራዋን በብረት አልነካም፤ ለነዚያ ርካሹ የጎማ ጓንት አለ። እንዲያውም ቡላ ጓንቱን ትወደዋለች፤ እየዳበስኳት ይመስላታል። ጓንቱ ግን የሥሩን ፀጉር አያወጣም፣ ብቻውን አይበቃም።

ትልቁ ለውጥ የታየው ማስመለሷ ላይ ነው። የድመት ምላስ ወደ ኋላ የታጠፉ ጥቃቅን እሾሆች አሉት፤ ስትልስ የያዘችውን ፀጉር መትፋት ስለማትችል ትውጠዋለች። አብዛኛው በዓይነ ምድር ይወጣል፤ የቀረው ተድቦልቡሎ በአፏ ይመጣል። አሁን ይህ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። የእናቴ ልብስም በብሩሽ አንዴ ሲጠረግ ይጠራል።

እንከን አለው። ፀጉሩን ከጥርሶቹ የሚገፋው ቁልፍ ጥር አካባቢ አልገፋም ማለት ጀመረ፤ አሁን በጣቴ ነው የማወጣው። የእጀታው ጎማም ተልጧል። ብረቱ ግን አልዛገም፣ አንድም ጥርስ አልወለቀም።

ማበጠሪያ የማይመልሰውም አለ። ፀጉሯ ቦታ ለይቶ ከተመለጠ፣ ቆዳዋ ከቆሰለ ወይም መላልሳ የምታክ ከሆነ ቁንጫ ወይም ጭርት ሊሆን ይችላል። ጭርት ወደ ልጆችም ይጋባል፤ ሐኪም ይያት። ለማስመለስ እያማጠች ምንም ካልወጣትና ምግብ ካቆመች ደግሞ ቀን አትስጡት፤ የዋጠችው ፀጉር አንጀት ሊዘጋ ይችላል።

ምግቧንም እዩ። ፀጉር የሚሠራው ከፕሮቲን ነው፤ እንጀራ በወጥ ለድመት ምግብ አይሆንም። ወጡ ውስጥ ያለው ቀይና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ይመርዛታል። እኛ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚመጣውን ዓሣ ቀቅለን፣ አጥንቱን ለቅመን ከሌላ ሥጋ ጋር እያፈራረቅን እንሰጣታለን።

ለመግዛት ካሰባችሁ የድመት የተባለውን ምረጡ፤ የውሻው ሰፊ ስለሆነ ለድመት ጀርባ አይመችም። ፀጉሯ አጭር ከሆነ ጥርሱ አጠር ያለው ይሻላል።