ሲወድቅ የትኛው ይተርፋል? አሮጌውና አዲሱ የካኖን 50 ሚሊሜትር

ከለገጣፎ እስከ ኮዬ ፈጬ ሠርግ የሚቀርጽ ሰው ካሜራው አንድ ቀን ከባጃጅ ሲወርድ ኮብልስቶን ላይ ሊያመልጠው ይችላል። የሱሉልታ ሣር ምቱን ያበርዳል፤ ድንጋይ ምሕረት የለውም። ርካሽ የሆኑትን ሁለቱን የካኖን 1.8 ሌንሶች (1.8 የብርሃን መግቢያቸው እስከምን እንደሚሰፋ ያሳያል) በዚህ ዓይን እንያቸው።

አሮጌው፣ ኢኤፍ 50 ቁጥር ሁለት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ነው። ክብደቱ 130 ግራም፤ ቦዲው (ካሜራው ራሱ) ላይ የሚገጥምበት ቀለበት ሳይቀር ፕላስቲክ ነው። ቅለቱ ስለሚረዳው ብቻውን ከኪስ ቢወድቅ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ካሜራ ላይ እንዳለ በአፍንጫው ሲወድቅ ግን የቦዲው ክብደት ከላይ ይጫነዋል፤ መስታወቱን የያዘው የውስጥ ቱቦ ከፕላስቲክ ጥርሶቹ ይወጣና ሌንሱ ለሁለት ይከፈላል። አንዳንዱ ሲጫኑት ቀጭ ብሎ ይመለሳል፤ ቀጥ ብሎ ስለመመለሱ ግን ዋስትና የለም።

አዲሱ፣ ኢኤፍ 50 ኤስቲኤም፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ። 160 ግራም ገደማ ነው፤ መግጠሚያ ቀለበቱ ብረት። «ብረት ነው፣ አይሰበርም» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ስለ ቀለበቱ ብቻ ነው የሚያወራው። ቅርብ ነገር ሲያነሱ የውስጥ ቱቦው ወደ ፊት ይወጣል፤ እንደወጣ ከተመታ ፎከሱ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ሊል ይችላል። ካሜራውን ከማጥፋትዎ በፊት የሌንሱን ማብሪያ ኤምኤፍ (በእጅ ፎከስ ማድረጊያ) ላይ አድርገው፣ የማንሻውን ቁልፍ ግማሽ እንደተጫኑ የፎከስ ቀለበቱን አዙረው ቱቦውን ያስገቡት። ከጠፋ በኋላ ቢያዞሩት ቱቦው ንቅንቅ አይልም።

ዋናው ልዩነት ያለው ሁዱ (ሌንሱ ፊት የሚገጠመው የብርሃን መከለያ) ላይ ነው። የአዲሱ ሁድ የሚያያዘው ከውጭው አካል ጋር ስለሆነ ምቱን ተቀብሎ ቱቦውን ያድነዋል። የአሮጌው ሁድ የሚገጠመው ፊልተር በሚጠመዘዝበት ጥርስ በኩል ነው፤ ምቱ በቀጥታ ደካማው ቱቦ ላይ ያርፋል። ዩቪ ፊልተርም (ሌንሱ ፊት የሚጠመዘዘው መከላከያ መስታወት) እንደዚያው ነው፤ ጭራሽ ሲሰበር ስባሪው የፊቱን መስታወት ይጭራል። ሁዱን ወደ ኋላ ገልብጠው ይዘው ከዞሩ ደግሞ እንደሌለዎት ይቁጠሩት።

ያገለገለ ሲገዙ ወድቆ እንደሆነ ያልተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ ይነግርዎታል። ካሜራውን ትሪፖድ ላይ 3 ሜትር ያህል ርቀው፣ ከግድግዳው ትይዩ ያቁሙ፤ 1.8 ላይ በላይቭ ቪው (በኋላው ስክሪን እያዩ) መሃሉን ፎከስ አድርገው ያንሱና አራቱን ማዕዘኖች አጉልተው ይዩ። አራቱም እኩል ለስለስ ካሉ ጤነኛ ነው። አንዱ ወገን ብቻ ከደበዘዘ ካሜራውን ገልብጠው ይድገሙት። ድብዝዙ በፍሬሙ ያው ጎን ከቀረ ሌንሱ ወይም መግጠሚያው ተጣሟል፤ ከግድግዳው ጋር ከቀረ ግን ትይዩ አላቆሙትም።

እኛ ኤስቲኤሙን እንመርጣለን፣ ከነሁዱ። አሮጌው ስቱዲዮ ለሚቀመጥ ሰው ይበቃል። ቦዲዎ ካኖን 4000ዲ ከሆነ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የእሱም መግጠሚያ ቀለበት ፕላስቲክ ነው፤ ብረት ከፕላስቲክ ጋር ሲጋጭ የሚሰነጠቀው የቦዲው ወገን ሊሆን ይችላል።