ለበረዶ የተሠራች ዘንግ ድሬ ላይ ምን ትሠራለች?

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ፣ ከሰልባጁ መሀል አልፎ አልፎ ብቅ የምትል፣ ክንድ ተኩል እንኳ የማትሞላ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አለች። "የልጆች ናት" ተብላ ነው የምትሸጠው። አይደለችም። እንደ ፊንላንድና ካናዳ ክረምት ላይ ሐይቁ በረዶ በሚጋገርበት አገር፣ አጥማጁ በረዶውን በመሰርሰሪያ በስቶ ከቀዳዳው አጠገብ ቁጭ ይላል። ቀዳዳው ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ ነው፤ ስለዚህ ከ60 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር የሆነች ዘንግ ትበቃዋለች። የክር ማሳለፊያ ቀለበቶቿ ሰፋ ማለታቸውም በረዶ ሲይዛቸው ክሩ እንዳይታነቅ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ሻጩ ከጠራው ዋጋ ግማሹን ቢሰጥ አልተጎዳም።

መጀመሪያ የሚፈተሸው ክሩ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ ፍሬን ነው። ክሩ በእጅ ሲሳብ እኩል እየለቀቀ መምጣት አለበት፤ እየተንገራገጨ ከለቀቀ ዓሣው አንዴ ሲወራጭ ይበጥሰዋል። ውስጡ ለብርድ ተብሎ ብዙ ጊዜ ቀጭን ዘይት ስለሚቀባ የድሬ አቧራ ቶሎ ያንኮሻኩሸዋል፤ ፈትቶ አጥቦ ስስ ግሪስ መቀባት ያሻል። ላዩ ላይ የተጠቀለለውን ናይለን ደግሞ ሳይራሩ መጣል ነው። ፀሐይ የበላው ክር ለዓይን ደህና ይመስላል፣ ቋጠሮው ላይ ግን ይከዳል። 0.20 ወይም 0.25 ሚሊ ሜትር አዲስ ክር ይተካ።

ትልቁ ጉድለቷ ክሩን አርቃ መወርወር አለመቻሏ ነው። የተሠራችው ክሩን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ለመልቀቅ ነው። የድሬው ወንዝ ደቻቱማ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረማያ ሐይቅ የሚደርስ ሰው ዳር ቆሞ ከሆነ የሚያጠምደው የ3 ሜትር ቀርከሃ ይሻለዋል፤ ይቺ ከጀልባ ላይ ካልሆነ አትረባም።

ከዘንጓ ይልቅ የሚያሳስበው አብሯት የሚመጣው መንጠቆ ነው፤ ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት ጥርስ ነው። በአገሩም ቢሆን በረዶ ላይ ማጥመድ ለዓሣው ጣጣ አለው። ፓይክና ፐርች የሚባሉት እንቁላል የሚጥሉት በረዶው ሊቀልጥ ሲል ወይም እንደቀለጠ ስለሆነ፣ ክረምቱ ማብቂያ ላይ የተያዘች እናት ከነእንቁላሏ ነው የምትወጣው። ከጥልቅ ውሃ በፍጥነት የተሳበ ፐርች የአየር ከረጢቱ ተነፍቶ ቢለቀቅም መስመጥ ያቅተዋል። ብርዱ ከዜሮ በታች ሲወርድ ደግሞ የሚተነፍስበት ስንጥቡ አየር ላይ ይቀዘቅዛል። ትንሽ ሐይቅ ላይ ብዙ ሰው ከተሰበሰበ ትልልቆቹ ቀድመው ያልቃሉ፤ ውሃው ቀዝቃዛ በመሆኑ ዓሣ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ እነሱን የሚተካ ለማግኘት ዓመታት ይፈጃል።

ያም ሆኖ ብርዱ የሚያግዝበት ነገር አለ። 0 ዲግሪ ያለ ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ በሊትር ወደ 14 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል፤ 25 ዲግሪ ያለው ወደ 8 ብቻ። እንደ ሐረማያ 2,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ሲሆን ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ በበረዶው አገር ቶሎ የተለቀቀ ዓሣ የሚተርፍበት ዕድል ጥሩ ነው፤ እዚህ በቀትር ታግሎ የደከመን ዓሣ ፎቶ እስኪነሱ ይዞ መልቀቅ ግን ገድሎ መልቀቅ ነው። ያጠመደ ሰው ለመብል ያጥምድ፤ ማለዳ ይሂድ።

ሐረማያ ደግሞ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደርቆ ውሃው የተመለሰ ሐይቅ ስለሆነ ጥንቃቄ ይገባዋል። ቆሮሶ (ቲላፒያ) እንደ ፓይክ በዓመት አንዴ አይደለም የምትራባው፤ ቶሎ ትተካለች። ሴቷ ግን እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው። በዚያን ጊዜ እምብዛም ስለማትበላ መንጠቆ ከመረብ ይልቅ ይምራታል። ከተያዘች ጉሮሮዋ አብጦ ይታያል፣ ስትደነግጥም የያዘችውን ትተፋለች። ከውሃ ሳትወጣ መንጠቆው ተነቅሎ ትለቀቅ።

ባለ ሦስት ጥርሱን አውልቆ ነጠላ፣ ቁጥር 8 ወይም 10 መንጠቆ ማሰር ነው፤ የቆሮሶ አፍ ትንሽ ነው። ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረችውን ሾህ በፒንሳ ጨፍልቆ ማስተኛት መንቀሉን ቀላል ያደርገዋል። ሊጥ ወይም የመሬት ትል ይበቃል። ዓሣው እስከ ጉሮሮው ከዋጠው አይጎተት፤ የሚለቀቅ ከሆነ ክሩ ከአፉ ሥር ይቆረጥ። የሚለቀቀውን በደረቅ እጅ መያዝ ልጋጉን ይልጠዋል፣ ቁስሉም ሻጋታ ይጠራል። አብራት የምትመጣው እርሳስ ክብደት ከተበጠሰች ወፎች ጠጠር መስላቸው ስለሚውጧትና ስለምትመርዛቸው በብረት ብሎን ትተካ፤ ለዚህ ሥራ ብሎኑ አያንስም።